አምስት ተራራ በአንድ ሸንተረር፣ ፕላኑ አልወጣ ብሎኛል እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አምስት ተራራ የሚያያይዝ ሸንተረር ከዳር እስከ ዳር በእግር ልሄደው አስቤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርታው ላይ ተደፍቼ ነው ያለሁት። መጀመሪያ ላይ ከመነሻው እስከ ትልቁ አናት ያለውን 1200 ሜትር ብቻ ነበር የያዝኩት፣ በኋላ ነው እያንዳንዱን ተራራ ወርጄ እንደገና እንደምወጣ የገባኝ፣ ኮንቱሩን (ካርታው ላይ ከፍታ የሚያሳዩትን መስመሮች) አንድ በአንድ ስደምረው ጠቅላላ መውጣቱ 2100 ሜትር ሆነ።

መንገዱ 22 ኪሎ ሜትር ነው። በናይስሚዝ ስሌት (የተራራ ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መገመቻ ነው፦ 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት ጭማሪ) ወደ 8 ሰዓት ይመጣል ግን ይሄ እረፍትም ድንጋይ ላይ በእጅ መንጠላጠልም የሌለበት ነው። እናንተ በእንደዚህ አይነት ቦታ ስንት ትጨምራላችሁ?

በጣም ያስጨነቀኝ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያለው ነው፣ ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ አንዴ ከገባሁ መውጫ የለኝም፣ ከሰዓት ደግሞ መብረቅ አለ፣ ሸንተረር ላይ መብረቅ ሲመጣ የት ይገባል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት በባትሪ ተነስቼ በአንድ ቀን ልጨርሰው ወይስ ከሁለተኛው በፊት አድሬ ጠዋት ልሻገረው?

ካደርኩ ደግሞ የውሃ ጉዳይ አለ። ላይ ምንጭ የለም፣ ያለው 300 ሜትር ወደ ታች ነው፣ 5 ሊትር ልሸከም ካልኩ ውሃው ብቻ 5 ኪሎ ነው። ወርዳችሁ ትቀዳላችሁ ወይስ ትሸከማላችሁ? ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ካለ በናታችሁ ይንገረኝ፣ ከእኔ ጋር የሚሄደው ታናሽ ወንድሜ ነው ገምቼ ይዤው መግባት አልፈልግም።