የኮሌጅ ቴኒስ ውጤት አልገጥም አለኝ

የምኖረው አሜሪካ ነው። ሰፈሬ ያለውን የዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቴኒስ ቡድን ከጃንዋሪ ጀምሮ እየተከታተልኩ፣ የእያንዳንዷን ተጫዋች ድልና ሽንፈት ደብተር ላይ እይዛለሁ።

ለማያውቅ፦ አንድ ግጥሚያ 7 ነጥብ አለው። ከሦስቱ የጥንድ ጨዋታዎች ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን 1 ነጥብ ያገኛል። ስድስቱ የነጠላ ጨዋታዎች አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። ቀድሞ 4 የደረሰ አሸነፈ፤ ያላለቀው ጨዋታ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቋረጣል። ባለፈው አምስተኛ ሜዳ ላይ ያለችው ልጅ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ወስዳ፣ ሁለተኛውን 5 ለ 2 እየመራች ጨዋታው ቆመ። “ያልተጠናቀቀ” ተብሎ ተመዘገበ። አንጀቴን በላችው።

ያስቸገረኝም የእሷ ውጤት ነው። እኔ ጋ በነጠላ 9 ድልና 4 ሽንፈት አላት። የቡድኑ ገጽ ግን 15 ድልና 7 ሽንፈት ይላል። የተቋረጡትን ስትመራ የነበረችውን እንደ ድል ቆጠርኩ፤ አልገጠመም። ጥንዱንም ደመርኩ፤ እሱም አልሆነም። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ያሉትን የግል ውድድሮች (ተጫዋቾቹ ለቡድን ሳይሆን ለራሳቸው የሚወዳደሩባቸውን) አልመዘገብኩም፤ ያኔ ቡድኑን አላውቀውም ነበር።

የኮሌጅ ቴኒስን የምታውቁ፣ የአንዲት ተጫዋች የነጠላ ጠቅላላ ውጤት ሲጻፍ እነዚያ የግል ውድድሮችም አብረው ይቆጠራሉ ወይ?