የሰፈራችንን መንገድ ክረምቱ በላው፤ ኮብል እናንጥፍ ወይስ ሬድአሽ እንድገም?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ፣ ጋራው ሥር ነው የምንኖረው። አምና ጎረቤቱ አዋጥቶ 200 ሜትር በሚሆን የውስጥ መንገድ ላይ ሬድአሽ፣ ያንን ቀይ ጠጠር፣ አስደፋን። ሐምሌ ላይ የጣለው ዝናብ በሁለት ቀን ጠርጎት ሄደ። አሁን ባጃጅ እንኳ አይገባም። ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን እስከ አስፋልቱ ተሸክመን ነው ያደረስናት። ዘንድሮ ደግመን ልናዋጣ ነው። ምን ይሻላል?

የመንገድ ፎርማን፦ መጀመሪያ ልጠይቅህ። ቦይ አላችሁ? የመንገዱ መሀል ከዳሩ ከፍ ይላል?

ጠያቂ፦ ቦይ የለም። መሀሉ እንዲያውም ጎድጎድ ያለ ነው።

የመንገድ ፎርማን፦ በቃ፣ መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኗል። የጋራው ውሃ ሌላ መውረጃ የለውም። ኮብል ብታነጥፉም ከሥሩ ያለውን አሸዋ አጥቦ ያወጣውና ድንጋዩ ይነቀላል። አስፋልትም ውሃ ከሥሩ ከገባ አይችለውም። ከገንዘቡ መጀመሪያ ለቦይ አውጡ። ከዚያ መሀሉን ከፍ አድርጉ። የጠጠር መንገድ ወደ ዳር በየሜትሩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ስፋቱ 6 ሜትር ከሆነ መሀሉ ከዳሩ 15 ሳንቲሜትር ይበልጣል። በሲባጎና በውሃ ልክ ትለኩታላችሁ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ቦዩ እንዳይሸረሸር በድንጋይ እርከን እርከን ሥሩት። ኮብሉን እዚያች ቁልቁለት ላይ ብቻ ብታነጥፉት ገንዘቡም ይበቃችኋል።

የአፈር ላብራቶሪ ሠራተኛ፦ ሬድአሹን አትጥሉት። እሳተ ገሞራ የተፋው ጠጠር ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ሞልቷል። ግን ብቻውን አይያያዝም፤ ጎማ ይበትነዋል። ደቃቅ አፈር ቀላቅሉበት፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ ከ15 ሳንቲሜትር ሳይበልጥ እየደፋችሁ በሮለር ጠቅጥቁት። ጥቁር አፈር ግን አደራ! ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

አንዲት እናት፦ ልጄ፣ እኛ ቦይም ኮብልም ነበረን። ቱቦው በፌስታልና በደለል ተደፍኖ ውሃው ቤታችን ገባ። አሁን ግንቦት ላይ አካፋ ይዘን ወጥተን እንጠርጋለን። ደግሞ ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ሳታነጋግሩ ውሃውን እንዳትለቁባቸው። እነሱም ልጆች አሏቸው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ። እሁድ ከታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ውሃው የሚወርድበትን አብረን እናያለን። ሲባጎውን እኔ እይዛለሁ።