ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው፣ የት የት እንደር?

መንገደኛው፦
ሰላም ወገን። ጥር ላይ በራሳችን መኪና በአሰላ በኩል ባሌ ልንወርድ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ ነን። ያለን ሦስት አዳር ነው። ሦስቱንም ሌሊት ሮቤ አድረን በየቀኑ ደርሶ መልስ ብንል ይሻላል ወይስ ማደሪያ እየቀያየርን እንሂድ? ሐረና ጫካን ሳላይ መመለስ አልፈልግም። እናቴ ግን ደም ግፊት አለባትና ከፍታው ያሳስበኛል።

ደገኛዋ፦
ሮቤ ብቻ አትቀመጡ። ሆቴሉ እንደ ልብ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ሐረና ለመድረስ ጎባን አልፋችሁ፣ የሳነቴን አምባ ወጥታችሁ፣ በወዲያኛው በኩል መውረድ አለባችሁ፣ ያንን ከልጆች ጋር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ካላችሁ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። እኔ ብሆን ከሮቤ በፊት መንገድ ላይ ያለችው ዲንሾ አንድ፣ ሐረና በኩል ያለችው መንደር ሪራ አንድ፣ ጎባ አንድ አድራለሁ። ዲንሾ ካደራችሁ ማልዳችሁ ጋይሳይ ሜዳ ትደርሳላችሁ። ደጋ አጋዘኑ በዚያ ሰዓት መንገድ ዳር ድረስ ወጥቶ ይግጣል።

ባለ ላንድክሩዘሩ፦
በሪራው እስማማለሁ፣ በዲንሾው አልስማማም። ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የጥር ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይጥላል። እናትህን የመጀመሪያ ቀን እዚያ አታሳድራቸው። ዲንሾ ላይ የፓርኩን መግቢያ ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ፣ ከዚያ ሮቤ ወርዳችሁ እደሩ፣ ዝቅ ስለሚል ይሻላቸዋል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ግድም ነው፣ እዚያው ያለው ትልቁ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377። መሻገሩን ሐኪማቸው ይፍቀድላቸው፣ ከተፈቀደም እላይ ብዙ ሳትቆዩ ተሻገሩ። ነዳጅ ሮቤ ወይ ጎባ ሙሉ፣ ከዚያ ወዲያ አትተማመኑ።

ደገኛዋ፦
ለእናትየው ከሆነ እሺ፣ ልክ ነህ። ግን ሳነቴን በጠዋት ተሻገሩ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ይላል፣ ቀይ ቀበሮው ጆሮውን ቀስሮ በሆዱ እየተሳበ ይጠጋዋል። ልጆቹ ይህን ካዩ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም። ባካችሁ መኪናውን ዝግ አድርጉ፣ ምግብም አትወርውሩላቸው። ውሻም ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስንቱን ቀበሮ ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው እኮ!

መንገደኛው፦
አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ሮቤ፣ ሪራ፣ ጎባ። ሪራ ድንኳን ከሌለንስ?

ባለ ላንድክሩዘሩ፦
የቅንጦት ነገር አትጠብቁ። ዲንሾ ላይ አስጎብኚዎቹን ጠይቃቸው፣ የትኛው ማደሪያ ክፍት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ብርድ ልብስ ከቤት ያዙ። የጫካ ቡናና የሐረና ማር ከዚያው ከገበሬው ግዙ፣ የሰው ኑሮ በሱ ነው። ጉዟችሁ ከጥምቀት ሳምንት ጋር ከተገጣጠመ ግን የሮቤንና የጎባን ክፍል ከአሁኑ ደውለህ ያዝ።