ጥቆማ፦ ለሰገሌ ጦርነት ጨዋታ የደንብ መጽሐፍ ሥዕሎቹ በምን ሶፍትዌር ይሠሩ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ናችሁ? ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተካሄደውን የሰገሌ ጦርነት በጠጠር ለሚያጫውት የሰሌዳ ጨዋታ የደንብ መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። 24 ገጽ፣ ኤ5፣ ጥቁርና ነጭ፤ እዚሁ ታትሞ በፎቶ ኮፒ ይባዛል። የጉዞ፣ የዕይታና የተኩስ ሥዕሎቹ ባለ ስድስት ጎን ሜዳ ላይ ናቸው። ኮምፒውተሩ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ኢንተርኔቱ አይታመንም። ፓወር ፖይንት ይበቃል?

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
ፓወር ፖይንቱን ተወው። ባለ ስድስት ጎኑን ቁመትና ወርዱን እኩል ብታደርገው ጎኖቹ እኩል አይሆኑም፤ ሃምሳ ስትደረድር ስህተቱ ይደማመራል። ኢንክስኬፕ የሚባለውን የሥዕል ሶፍትዌር አውርድ፣ ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም።

መጀመሪያ ፕሪፈረንስ ውስጥ ቱልስ ላይ ገብተህ ባውንዲንግ ቦክስን (የቅርጹን መጠን የሚለካውን ሳጥን) "ጂኦሜትሪክ" አድርገው። ይህን የዘለለ ሰው የመስመሩ ውፍረት ከመጠኑ ጋር ስለሚደመርበት በየሕዋሱ (በየባለ ስድስት ጎኑ) መካከል ክፍተት ያገኛል። ከዚያ በፖሊጎን መሣሪያ 6 ማዕዘን ያለው፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ የሆነ ቅርጽ ሣል፤ ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 18.475። ኤዲት፣ ክሎን፣ ክሪኤት ታይልድ ክሎንስ ግባ። ሺፍት በሚለው ገጽ "በረድፍ" የኤክሱን (የአግድሙን) 50 ከመቶ አድርገህ "ኦልተርኔት" ላይ ምልክት አድርግ፣ የዋዩን (የቁሙን) ደግሞ ከዜሮ በታች 25 (−25) ከመቶ። በረድፍ 7 ሕዋስ ከግማሽ ፈቀቅታው ጋር በትክክል 120 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከኤ5 ወርድ (148) ላይ በግራና በቀኝ 14 ይተርፍሃል።

ጉብታውን ወይም ወንዙን ለመቀባት ስትሞክር ቀለሙ አልቀየር ካለህ አትደናገጥ፤ ክሎን (ከዋናው ቅርጽ ጋር የተያያዘ ቅጂ) ስለሆነ ነው። ሺፍት፣ ኦልትና የ"ዲ" ቁልፍን አንድ ላይ ተጭነህ አላቅቀው።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦
በኢንክስኬፕ እስማማለሁ፤ ግን የተራውን ቅደም ተከተል (ጉዞ፣ ተኩስ፣ ጨበጣ፣ ሞራል) በቀስት ለማያያዝ ድሮው ዶት አይ ኦ የሚባለው የሳጥንና የቀስት መሣያ ሶፍትዌር ይቀላል። ሳጥኑን ብታንቀሳቅሰው ቀስቱ ይከተላል። ኢንተርኔት የማይፈልገው የዴስክቶፕ ዓይነትም አለው። አንድ ወጥመድ አለበት፦ በኤስቪጂ (በመስመር ሥዕል የፋይል ዓይነት) አውጥተህ ኢንክስኬፕ ላይ ስትከፍተው ጽሑፉ ይጠፋል። ከማውጣትህ በፊት ሁሉንም መርጠህ "ፎርማትድ ቴክስት" እና "ወርድ ራፕ" የሚሉትን አጥፋ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። የሸዋ ወገን ጠጠር ቀይ፣ የንጉሥ ሚካኤል ወገን አረንጓዴ ቢሆንስ?

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
ፎቶ ኮፒው አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ደማቅ ቀይና ጥቁር አረንጓዴ ወደ ግራጫ ሲለወጡ አይለዩም። አንዱን ነጭ መደብ በጥቁር ፊደል፣ ሌላውን ጥቁር መደብ በነጭ ፊደል አድርግ። የሜዳውን መስመርም ግራጫ አታድርገው፤ ሌዘር ፕሪንተር ግራጫን በነጥብ ስለሚሠራ ቀጭኑ መስመር ይቆራረጣል። ጥቁር፣ 0.25 ሚሊ ሜትር፤ ቀስቱ 0.7።

መልስ (ደብረ ሲና)፦
ፊደሉን (ፎንቱን) ማንም አላነሳም፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ ነው። በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ የጻፍከው፣ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወይ ባዶ ሳጥን ይሆናል፣ ወይ በሌላ ፊደል ተተክቶ ከጠጠሩ ይወጣል። መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጥ፣ ኋላ ፊደል ማረም አይቻልምና። ቅጂው ላይ ጽሑፉን መርጠህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ ተጫን፤ ፊደሉ ቅርጽ ሆኖ ይቀራል። ከ8 ነጥብ በታችም አትውረድ፤ "ጨ" እና "ጪ" በፎቶ ኮፒ አይለዩም። "ሕዋስ ቁጥር 0404 ላይ ያለው ጉብታ ከ0304 ወደ 0504 የሚደረገውን ዕይታ ይጋርዳል" የሚለውን ዓይነት ረጅም ነገር ሥዕሉ ውስጥ አትጻፈው፣ ግርጌው ላይ ይሁን።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦
ገጹን በሊብረ ኦፊስ ራይተር አቀናጅ፣ ኤስቪጂን በቀጥታ ይቀበላል። ስክራይበስ የሚባለው የገጽ ማቀናጃ ሶፍትዌር ለ24 ገጽ ጥቁርና ነጭ ሥራ ድካም ነው። የግድ አሮጌ ወርድ ከሆነ ሥዕሉን በፒኤንጂ በ600 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) አውጣ፤ ወርድ ሲያስቀምጥ እንዳያሳንስብህም ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ "ዶንት ኮምፕረስ ኢሜጅስ" የሚለውን ምረጥ።

ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው ፒዲኤፍ ብቻ ነው። 6 ኤ4 ወረቀት በሁለቱም ገጽ ታትሞ መሃሉ ላይ ይታጠፋል። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንዱን ገጽ አሳትመህ አንድ ረድፍ በማስመሪያ ለካ፤ 7ቱ ሕዋስ 112 ሚሊ ሜትር ካልሞላ በማተሚያው ምርጫ "ፊት" (ከወረቀቱ ጋር አስማማ) የሚለው ተመርጦ ነው የታተመው፣ ወደ "አክቹዋል ሳይዝ" (ትክክለኛ መጠን) አስቀይረው።