ለእህቴ ሠርግ የሠራሁት መክተፊያ ማዕዘኑ ተከፈተ፤ ምን አጠፋሁ?

የኮቺው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ከጅማ። ሙያዬ እንጨት አይደለም፣ ቡና ላይ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ግን ጓሮ ባለችው ዳስ እንጨት እነካካለሁ። ታላቅ እህቴ ጥር ላይ ትዳራለች። ድስትና ብርድ ልብስ የሚሰጣት ሰው ሞልቷል። እኔ ደግሞ ዳማ የመሰለ መክተፊያ ልሠራላት ተነሳሁ። ያ እንጨቱ ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ የሚጣበቀው፣ የተቆረጠበት ፊት ወደ ላይ የሚሆነው ዓይነት። (እናቴ ሽንኩርት እጇ ላይ ይዛ ነው የምትከትፈው። «መክተፊያ ለምኔ» ትላለች። እህቴ ግን የክትፎ ሰው ናት።)

እንጨቱ ከአንድ በር የሚሠራ አናጢ የተረፈ ቁርጥራጭ ነው። አራት ዋንዛ፣ አራት ቀረሮ። እያንዳንዱ 3 በ3 ሴንቲ፣ ቁመቱ 40። እያፈራረቅሁ በኮላ አጣበቅሁ። ሲደርቅ በአግድም በ4 ሴንቲ በ4 ሴንቲ ቆረጥሁት፤ 9 ወጣልኝ። ሁሉንም አቆምኳቸውና አንዱን እያለፍኩ አንዱን አዙሬ እንደገና አጣበቅሁ። ዳማው ወጣ! ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ስፋቱ ግን 24 በ27 ብቻ ሆኖ አረፈው። እኔ 36 ይሆናል ብዬ ነበር። ሲቆም 4ቷ ሴንቲ ውፍረት እንደምትሆን፣ ርዝመቱን የምትሰጠው 3ቷ እንደሆነች የገባኝ መጋዙን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

ትንሽ ስለሆነብኝ ዙሪያውን የዋንዛ ፍሬም አደረግሁለት። ማዕዘኖቹን በ45 ዲግሪ ቆርጬ፣ በኮላ ጥብቅ። ልክ እንደ ፎቶ ፍሬም። ከዚያ ልሞክረው ብዬ አጠብኩትና ሳፋ ውስጥ ትንሽ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ማዕዘን ተከፍቶ አገኘሁ። የአንድ ብር ሳንቲም ያስገባል። ኮላው ነው? እንጨቱ ነው? ደግሞስ መጨረሻ ላይ ምን ልቀባው? ቤት ውስጥ ያለኝ ቫርኒሽ ነው።

ሽማግሌው አናጢ

ልጄ፣ ኮላህን አትውቀሰው። ጥፋተኛው ፍሬሙ ነው።

እንጨት ውሃ ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፣ በቁመቱ ግን ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። እርጥብ ግንድ ድርቅ እስኪል በወርዱ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሟሽሻል። በቁመቱ 0.1 ወይ 0.2 በመቶ ቢሆን ነው። አሁን ያንተን መክተፊያ እየው። ሁሉም ቆመዋል። ስለዚህ በ24ቱም በ27ቱም በኩል ያለው ወርዳቸው ነው፤ በሁለቱም በኩል ያብጣል። ፍሬምህ ደግሞ በቁመቱ ነው የተኛው፣ አይረዝምም። ውስጡ ይገፋል፣ ዙሪያው እምቢ ይላል። 1 በመቶ ብቻ ቢያብጥ 27 ሴንቲው ላይ ወደ 3 ሚሊ ይመጣል። 3 ሚሊ የት ይግባ? ማዕዘኑን ከፈተና ወጣ። ማዕዘኑ ባይለቅ ኖሮ ሲደርቅ መሃሉ ይሰነጠቅብህ ነበር፣ ተመስገን በል።

ሥጋ ቤት ያለውን ግንድ አይተኸዋል? እሱም የቆመ ነው። ስለቱ በእንጨቱ ክሮች መሃል ይገባና ይወጣል፣ ቢላውም ቶሎ አይዶለዱምም። የኛን የጅማ በርጩማ ደግሞ እየው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ የሚከፈት መጋጠሚያ የለውም።

ፍሬሙን በመጋዝ ገሽልጠህ ጣለው። በምስማር ልምታው እንዳትል። ከዚያ ጥላ ውስጥ በጎኑ አቁመህ ሁለት ሳምንት ተወው። ኅዳር ነው፣ ዝናቡም ቆሟል፤ ክረምት ላይ ብትጠይቀኝ ኖሮ ሌላ መልስ ነበረኝ። ትልቅ ከፈለግህ ከዚያው እንጨት አንድ ሁለት ረድፍ ቆሞ ይጨመርበት።

አንድ ነገር ልለምንህ፦ መላጊያ ማሽን ውስጥ እንዳትከተው። እኔ በጎረምሳነቴ ከትቼ ነበር። ማሽኑ የመጨረሻውን ጠርዝ ቦጭቆ ወረወረው፣ ጆሮዬ አጠገብ ነው ያለፈው። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ ሂድ። ከሻካራው ከ80 ቁጥር ጀምር፣ 120፣ 180፣ በለስላሳው በ220 ጨርስ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው። ጸጉሩ ሲነሳና ሲደርቅ በ220 አንዴ ድገመው። ክንድህ ይዝላል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።

የምግብ ቤቷ

ሳፋ ውስጥ ተውኩት ስትል ደነገጥኩ! እንጨት አይዘፈዘፍም። በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠብ፣ አድርቅ፣ በጎኑ አቁም። ጠረጴዛ ላይ ካስተኛኸው አንዱ ፊት ብቻ ይደርቅና ይጎብጥብሃል። ይህን ለእህትህም ንገራት። ክትፎ ከከተፈች በኋላ ሳይውል ሳያድር ትጠበው፣ ጥሬ ሥጋ ነው።

ቫርኒሹን ለበር ተወው። ቢላ ሲያርፍበት ይላላጥና ወጥ ውስጥ ይገባል። የምግብ ዘይትም አይሆንም። እኔ አንዴ የኩሽናዬን መክተፊያ በምግብ ዘይት ቀብቼ በወሩ ሸተተኝ፣ ስንት ሎሚና ጨው ፈጀሁበት መሰለህ። ፋርማሲ ሄደህ ሊኩዊድ ፓራፊን የሚባለውን ዘይት ግዛ። አይሸትም፣ አይበላሽም። ሁለቱንም ፊት አጠጣው። የቆመ እንጨት እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው፣ እምቢ እስኪል ጨምርለት። በማግስቱ አራት እጅ ፓራፊን ከአንድ እጅ ሰም ጋር አቅልጠህ እሸው። የማር አገር ሆነህ ሰም አታጣም። ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍ ካገኘህ አቅልጠህ በጨርቅ አጥልለው። ብቻ በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥደው፣ ይቀጣጠላል። ትልቁ ድስት ውስጥ ውሃ አፍላና በላዩ ትንሿን ዕቃ አስቀምጥ።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔም ልሠራ ነው። ወይራና ዋንዛ ባደርገው አያምርም? ደግሞ በ8 እንጨት ፋንታ በ7 ቢሆንስ?

ሽማግሌው አናጢ

ማማሩንስ ያምራል። ግን ወይራ ብረት ነው፣ ዋንዛ ለስላሳ። ብርጭቆ ወረቀቱ ዋንዛውን በልቶ ወይራውን ይተወዋል፣ ፊቱ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። የተቀራረበ ጥንካሬ ያላቸውን አጋባ። ግራቪሊያ ከቡና ማሳ ጥላ ተቆርጦ ይገኛል፣ ከዋንዛ ጋር ይሄዳል። አቧራው ግን አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ አፍህንም ሸፍን። ዋንዛ ፍለጋ ደን እንዳትገባ፣ ክልክል ነው። ከአናጢ ቤት ቁርጥራጭ ለምን።

በ7 ካደረግህ ብታዞረውም ያው ነው የሚመጣው፤ ጫፍና ጫፉ አንድ ቀለም ስለሆነ። ዳማ አይወጣም፣ መስመር ብቻ። ጥንድ ቁጥር ያዝ።

የኮቺው ልጅ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የምግብ ቤቷ እህቴ፣ አንቺንም እንዲሁ። ፍሬሙን ትናንት ማታ ገሸለጥኩት። እጄ እሺ አላለኝም ነበር፣ ሁለት ምሽት የፈጀሁበት ነገር ነው። ውስጡ ግን ደህና ነው፣ አንድም ስንጥቅ የለውም። 24 በ27 ይበቃል ብያለሁ። የክትፎ ሥጋ ስንት ቦታ ይፈልጋል?

ዛሬ ደግሞ ፋርማሲ ሄጄ ሊኩዊድ ፓራፊን አራት ጠርሙስ ጠየቅሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ድርቀቱ ስንት ቀን ሆነው?» አለችኝ።