የዕቅድ ውይይት፦ «አንዲት ጠንቋይ፣ አራት ቀሚስ» ማኅበራችን ለካውንቲው (ለአካባቢው መስተዳድር) የሚያቀርበው የጥበብ ድጋፍ ማመልከቻ

ጸሐፊ፦
ማመልከቻው አርብ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። የምንጠይቀው 4,000 ዶላር ነው። ሐሳቡ በስብሰባ የጸደቀው ነው፦ «የኦዝ ጠንቋይ» ከሚባለው የአሜሪካ የልጆች ተረት በወጡ ሙዚቃዊ ሥራዎች የምዕራቧን ክፉ ጠንቋይ ልብሷ እንዴት እየለወጣት እንደመጣ አራት ቀሚስ ሰፍቶ በመድረክ ማሳየት። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1939ኙ ፊልም፣ የ1975ቱ «ዘ ዊዝ» እና የ2003ቱ «ዊኪድ» በኒው ዮርኩ የብሮድዌይ መድረክ፣ የ2024ቱ የ«ዊኪድ» ፊልም። ስፌት ክፍል የዕቃ ዝርዝር ያምጣ። እንደ አምናው በመጨረሻው ሰዓት አንራኮት።

ስፌት ክፍል፦
የ1939ኙ ርካሽ ነው። የልብስ ነዳፊው አድሪያን የሠራው ጥቁር፣ አንገቱ የተዘጋ፣ እጅጌው ረጅም ነው፤ ካባውን ጨምሮ 8 ሜትር ይበቃል። የ1975ቱ የጄፍሪ ሆልደር ነው። እዚያ ጠንቋይዋ ኢቪሊን አረንጓዴ አይደለችም፣ ክፋቷ በአለቃነቷ ነው፤ ለኛ ወፍራም የከፋይ ጨርቅና ሰፊ ትከሻ፣ ቀሪው ጌጥ።
ገንዘብ የሚበላው የ2003ቱ ነው። የሱዛን ሂልፈርቲ ቀሚስ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ሲቀርቡት እንደ ድንጋይ ንብርብር ብዙ ቀለም አለው። ወገብ 76 ሴ.ሜ፣ ቁመት 1 ሜትር ብንል ሙሉ ክብ ጉርዱ በ150 ሴ.ሜ ስፋት ጨርቅ 5 ሜትር ይወስዳል። የታችኛው ዙሪያ 7 ሜትር ነው። ወደ ላይ ዙሪያው እየጠበበ የሚሄድ ሦስት ረድፍ ሽብሽብ በእጥፍ ሲሰበሰብ 33 ሜትር ጥብጣብ ይወጣዋል። ጥብጣቡ በሰያፍ ስለሚቆረጥ ሌላ 4 ሜትር ጨምሩ። ክብ ጉርድ አንድ ቀን ሙሉ ሳይሰቀል ከተዘመዘመ በሰያፉ በኩል ይወርድና ጠርዙ ይንሻፈፋል፤ ስለዚህ «ቅዳሜ ቆርጠን እሑድ እናልብስ» የሚል ሰው ከወዲሁ ይተው።
የ2024ቱን ፖል ታዝዌል ሲሠራ ከእንጉዳይ የታችኛው ገጽ የወሰደው ደቃቅ ፕሊሴ (የተተኮሰ እጥፋት) አለ። ጨርቁ ፖሊስተር ካልሆነ ፕሊሴው በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል። ሦስት እጥፍ ጨርቅ።

ገንዘብ ያዥ፦
ጨርቁን ተዉትና የጠንቋይዋን አረንጓዴ የፊት ቀለም ንገሩኝ። ባለፈው ዝግጅት በፊት ቀለም 22 ወንበር ተበላሽቶ ከአዳራሹ መያዣ ገንዘብ 350 ዶላር ተቆርጦብናል። ያውም ልጆች ፊት ላይ የተሳለ ቢራቢሮ ነበር። አሁን ሦስት ሰው ከእግር እስከ ራስ አረንጓዴ ተቀብቶ ነጭ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው? አልፈርምም።

ሜካፕ፦
ከእግር እስከ ራስ ማን አለ? ፊት፣ አንገትና እጅ ብቻ ነው። ቢራቢሮው የለቀቀው ቅባት ያለው ቀለም ስለነበር ነው። በውሃ የሚሠራውን ደረቅ ቀለም በእርጥብ ስፖንጅ ሁለት ስስ እጅ መቀባት፣ በሁለቱ መካከል ማድረቅ፣ ፓውደር ነስንሶ ትርፉን በብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ ማሸጊያ ስፕሬይ። አንዴ በወፍራሙ ከተቀባ በላብ ይሰነጠቃል። ለጠይም ፊት ፈዛዛ አረንጓዴ አይሆንም፣ አመድ ይመስላል፤ ቢጫ የሚበዛበት ይመረጥ፣ ከሥሩ ነጭ እንዳይደረግ። ቅዳሜ ናሙናውን በራሴ እጅ ቀብቼ ነጭ ጨርቅ ላይ አሳያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ላብስ? አንገትጌው ላይ ያለው ላብ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሲያርፍስ? ማን ነው ዋስ የሚሆነኝ?

መብራት፦
እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር፦ አረንጓዴ ፊት ላይ ቀይ መብራት ከወደቀ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። ቀይ ጭስ የሚያምረው ከጀርባ ሲሆን ነው፤ ፊቷን ነጭ ይምታት። የባርኔጣው ጠርዝ ከ10 ሴ.ሜ ከበለጠ ደግሞ ዓይኗ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከታች ከፊት አንድ ተጨማሪ መብራት ያስፈልጋል፣ ኪራዩ 60 ዶላር።

ወጣቶች ክፍል፦
አረንጓዴውን ለምን አንተወውም? ተረቱ በወጣበት በ1900 መጽሐፍ ላይ በሠዓሊው ዴንስሎው ሥዕል አንድ ዓይና ናት፣ የያዘችውም ጃንጥላ ነው፤ አረንጓዴ አይደለችም። አረንጓዴው የፊልሙ ሥራ ነው፣ ልክ የመጽሐፉ የብር ጫማ ለቴክኒከለር (ለባለ ቀለም ፊልም) ሲባል ቀይ እንደሆነው። ኢቪሊንም አረንጓዴ አይደለችም። ቀለሙ ይውጣ፣ ወንበሩም ይትረፍ።

ስፌት ክፍል፦
የ1939ኙ ጥቁር የተመረጠው እኮ አካሉ ጠፍቶ ፊትና እጅ ብቻ እንዲታይ ነው። ከሩቅ የሚነበበው ሾጣጣ ባርኔጣ፣ ረጅም ጣትና አረንጓዴ አገጭ ነው። አረንጓዴውን አውጥታችሁ ጥቁር ቀሚስ በሐበሻ አዳራሽ መድረክ ላይ ስታቆሙ ለቅሶ የመጣች እንጂ ጠንቋይ አትሆንም። ሰዉ ነፍስ ይማር ይላል።

ገንዘብ ያዥ፦
350ውን ማን ከፈለ? እኔ ነኝ ሂሳቡን የማቀርበው፣ አንቺ አይደለሽም።

ስፌት ክፍል፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሂሳብ ያውቃሉ እንጂ ልብስ አያውቁም። ለወንበር ብለን ጠንቋይዋን እናጥባት?

አባል፦
ጠንቋይዋ እኮ በተረቱ በውሃ ነው የምትሞተው 😂

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን ይኼ ቀልድ ነው? ፊርማዬን አንስቻለሁ። ሌላ ሰው ይያዘው።

እናቶች ክፍል፦
ተዉ እንግዲህ፣ ልጆች አትሁኑ። ሰውየው የማኅበሩን ገንዘብ ነው የጠበቀው፣ እሷም ሥራዋን ነው ያለችው። እጁን በጓንት ብታደርጉትስ?

ስፌት ክፍል፦
እጁ ይሆናል። ስስ ተለጣጭ ጨርቅ ከፊቱ ቀለም ጋር አመሳስሎ ነክሮ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት መስፋት፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ይበቃል። ፖሊስተሩ ተራ የጨርቅ ቀለም ስለማይጠጣ ናይሎን ይገዛ። አንገቱ ላይ የሚወልቅ ጥቁር ጥጥ አንገትጌ ጠቅ በሚል ቁልፍ እናደርጋለን፣ ለአንድ ቀሚስ ሦስት ሦስት፣ ላብ ሲጠጣ ይቀየራል። ጋሼ፣ ቅድም ያልኩትን በቁጣ ነው ያልኩት።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ። ፊቱስ? ናሙናው የታለ? ቅዳሜ አልፎ ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ጸሐፊ፦
ሜካፕ?

ጸሐፊ፦
ሜካፕ፣ ስልክ አንሺ።

ወጣቶች ክፍል፦
ከግሩፑም ወጥታለች መሰለኝ።

አባል፦
አልኮል የሚፈልገው የማይለቅ ቀለም አለ አይደል? እሱ ይገዛ።

መብራት፦
እሱ በሳሙና አይወርድም፣ ማስለቀቂያው ቆዳ ያቃጥላል፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አይሆንም። የ1939ኙ ቀለም መዳብ ነበረበት፤ ጠንቋይዋን የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን በእሳቱ ትዕይንት ፊቷና እጇ ሲቃጠል ቀለሙን በተቃጠለ ቆዳ ላይ በአልኮል ነው የጠረጉት። የዛሬው መዳብ ባይኖረውም አልኮሉ ያው አልኮል ነው። ደግሞ የኔን 60 ዶላር ማንም መልስ አልሰጠበትም።

እናቶች ክፍል፦
ወንበሩን ለምን አናለብሰውም?

ገንዘብ ያዥ፦
ይኼ ነው ሰው ያለው። 80 ወንበር በሁለት ሜትር 160 ሜትር፣ ሜትሩ 6 ዶላር ቢሆን 960 ነው። ከዝግጅቱ በኋላ ሽፋኑ የኛ ነው፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር አንዱን በ2 ዶላር እናከራየዋለን። ስድስት ሠርግ ብቻ ወጪውን ይመልሳል። ይኼ ከተጻፈ እፈርማለሁ።

ስፌት ክፍል፦
ካውንቲው ለሠርግ ወንበር ድጋፍ ይሰጣል? 160 ሜትርስ ማን ነው የሚሰፋው? አራቱ ቀሚስ ላይ ነው የምትጨምሩብኝ?

ጸሐፊ፦
«የተመልካች መቀመጫና የአዳራሽ ዝግጅት» በሚለው መስመር ይገባል። ግን ጣሪያው 4,000 ነው፣ አዳራሹ ብቻ 1,100። የ2024ቱ ፕሊሴ ይውጣ፤ ሦስት እጥፍ ጨርቅ አንችልም።

ስፌት ክፍል፦
የቅርቡ እሱ ነው እኮ! ታዝዌል በ2025 ኦስካሩን በአልባሳት ሲወስድ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። በ2015 የቴሌቪዥኑን «ዘ ዊዝ» ያለበሰውም እሱ ራሱ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ጠንቋይ አልብሷል ማለት ነው። የማመልከቻው አጥንት ይኼ ነው።

ጸሐፊ፦
ፎቶውን በስላይድ እናሳያለን። የ2003ቱም ሽብሽቡ ከሦስት ረድፍ ወደ አንድ ይውረድ፣ ወደ 19 ሜትር ጥብጣብ ይተርፋል። የ1975ቱ እንዳለ ይቆይ፣ ቀለም አይፈልግም። የ1939ኙንና የ2003ቱን የሚቀባ ሰው እስኪገኝ በአሻንጉሊት ማሳያ ላይ እናቆማቸዋለን።

መብራት፦
ማሳያው አንገት የለውም፣ ባርኔጣውን የት ልትሰቅሉት ነው?

ወጣቶች ክፍል፦
ታዲያ በሕይወት ያለች አንዲት ጠንቋይ ብቻ ቀረች? እሷም አረንጓዴ ያልሆነችው? እንግዲያው አርእስቱን ቀይሩት። ከዚያ ሁሉንም ሰው ዋሽንግተን ወስዶ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለውን የ1939ኙን ፊልም ቀይ ጫማ ማሳየት ይሻላል፣ በነጻ ነው።

ጸሐፊ፦
አርእስቱ ተቀይሯል፦ «የመድረክ ልብስና የማኅበረሰብ አዳራሽ ዝግጅት ፕሮጀክት»። ጋሼ ፈርመዋል። ስፌት ክፍል፣ ሐሙስ ማታ ድረስ የሽፋኑን ልክ ላኪ።

ስፌት ክፍል፦
መጀመሪያ ወንበሮቹ ባለ ክንድ መሆናቸውን አንድ ሰው ሄዶ ይይ። ባለ ክንድ ከሆኑ በሁለት ሜትር አይወጡም።