የሄምፕ አበባ ይፈቀድ ወይስ ይቅር? የጎንደር ልጆች ክርክር

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣው ከብርቱካን ነው። አሜሪካ ያለች እህቷ ለጥምቀት ጎንደር ትገባለች። «ለእማማ ጉልበት የሄምፕ አበባ ላምጣላት፣ በሻይ ትጠጣው» ብላለች። እዚያ በብዙ ቦታ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ብርቱካን የጠየቀችው ይህን ብቻ ነበር። እናንተ ግን ነገሩን እስከ መተማ እርሻ ድረስ ወሰዳችሁት። እንግዲህ በወጉ እንከራከር። ኢትዮጵያ ሄምፕን ትፍቀድ ወይስ አሁን ባለው ትቆይ? ስድብ የለም። የድምፅ መልእክትም ይቅር፣ ሰው ሥራ ላይ ነው።

ዮናስ (ፋርማሲስት)፦
ስለምን እንደምንከራከር መጀመሪያ እንወቅ። ሄምፕና ሰፈር ውስጥ ጋንጃ የሚባለው ሁለት ተክል አይደሉም። ሁለቱም ካናቢስ ናቸው። የሚለያያቸው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲ ኤች ሲ የሚባለው፣ መጠን ነው። መጠኑን የሚወስነው ደግሞ ሕግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የግብርና ሕግ፣ በደረቁ ሲመዘን ቲ ኤች ሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠው ሄምፕ ተባለ። ስዊዘርላንድ እስከ 1 በመቶ ድረስ ትታገሣለች። ስለዚህ አንዱ አገር ሱቅ የሚሸጠው አበባ ሌላው አገር ያሳስራል።

ሰው የሚፈልገው የሴቷን ተክል አበባ ነው፤ ሙጫው የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። በሄምፕ አበባ ውስጥ በብዛት ያለው ሲ ቢ ዲ ይባላል። አያሰክርም። አንዳንዱ ጠቅልሎ ያጨሰዋል። ሌላው ሳያቃጥል በመሣሪያ አሙቆ እንፋሎቱን ይስባል። በዘይት ወይም በቅቤ አሙቆ ምግብ ውስጥ የሚያደርገው አለ፣ ቅባት የሚሠራበትም አለ። ማጨሱ እንደ ማንኛውም ጭስ ሳንባ ይጎዳል፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ጭሱን አያጠራውም። ሻዩ ደግሞ ብዙም አይረባም። ሲ ቢ ዲ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ስብ ካልገባበት አብዛኛው ከአተላው ጋር ይደፋል።

ሃብታሙ፦
ታዲያ ቡና በቅቤ ለሚጠጣ አገር ምን ችግር አለው 😂

ብርቱካን፦
ቀልዱን ተውና፣ ዮኒ፣ ለጉልበት ይረዳል ወይስ አይረዳም?

ዮናስ (ፋርማሲስት)፦
ጠንካራ ማስረጃ ያለው ለሚጥል በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ኤፒዲዮሌክስ የሚባል የሲ ቢ ዲ መድኃኒት የፈቀደችው ከሕፃንነት ለሚጀምሩ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነበር። እሱም በሐኪም ትእዛዝ፣ ጉበት እየተመረመረ። ለጉልበት ሕመም እንደዚያ ያለ ማስረጃ የለም። ይልቅ እትዬ የሚወስዱትን መድኃኒት ንገሪኝ። ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ካለበት ሲ ቢ ዲ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ እንዲከማች ያደርገዋል። ከዚያ ደም መፍሰስ ይመጣል።

ብርቱካን፦
ይወስዳሉ። በቃ፣ አሁኑኑ እነግራታለሁ።

ጠበቃ መላኩ፦
መድኃኒቱ ባይኖርም እንዳታመጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ልዩ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንም፣ ማዘዋወርንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ነው። «0.3 በመቶ» የሚል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። አበባውን በዓይን ብታዩት ከጋንጃው አይለይም፣ ሽታውም ያው ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣ የሚፈትሽ ሰው ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይለቃል ብላችሁ ነው?

ኪሩቤል፦
ጋሽ መላኩ፣ ሕጉ ይህን እንደሚል እኛም እናውቃለን። ጥያቄው ሕጉ ልክ ነው ወይ ነው። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቃድ መስጠት ጀመረች። ማላዊ በ2020፣ ሞሮኮ በ2021 ሕግ አወጡ። እኛ ጽጌረዳ ለአውሮፓ የምንሸጥ፣ ጫት በአውሮፕላን የምንልክ አገር ነን። ጫት ይቃማል፣ አረቄ ይጠጣል፣ የማያሰክር አበባ ግን ወንጀል! የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ራሱ በ2020 በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን ከጥብቁ ሰንጠረዥ አውጥቶታል።

ጠበቃ መላኩ፦
ከሰንጠረዥ 4 ወጣ፣ ሰንጠረዥ 1 ላይ ግን አሁንም አለ፤ ቁጥጥሩ አልቀረም ማለት ነው። ግማሹን ብቻ አትጥቀስ። እኔ ደግሞ አንተን የሚጠቅም ልስጥህ። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት አንቀጽ 28 ለቃጫና ለዘር ብቻ የሚተከለውን አይመለከትም ይላል። ገመድ፣ ጨርቅ፣ የዘር ዘይት ለሚል ሰው በር አለ። አበባውን ለማጨስ ለሚል ግን ያ በር አይከፈትም።

መምህርት ሰናይት፦
እኔ ክፍል ውስጥ ነው የምውለው፣ የማየውን ልናገር። ልጆቹ ሺሻ ቤት የሚገቡት ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ ነው። «የማያሰክረው ተፈቅዷል» የተባለ ቀን የሚያሰክረውም በዚያው ፓኬት ይሸጣል። ሻጩ «ሄምፕ ነው» ይላል። ማን መዝኖ ያምነዋል? በለጋ ዕድሜ ጠንካራውን ማዘውተር የአእምሮ ሕመም የመከሰት ዕድልን እንደሚጨምር ይታወቃል። ጫት አለ ብሎ ሌላ መጨመር ደግሞ ምን ዓይነት ክርክር ነው?

ዮናስ (ፋርማሲስት)፦
መምህርት የፈሩት አሜሪካ ውስጥ ሆኗል። ጥሬው ተክል ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቲ ኤች ሲ ኤ የሚባለው ነው፤ እሱ አያሰክርም። እሳት ሲያገኘው ግን ወደ ቲ ኤች ሲ ይለወጣል። ሕጉ የለካው ቲ ኤች ሲውን ብቻ ስለነበር ነጋዴዎች ቲ ኤች ሲ ኤ የሞላውን አበባ «ሄምፕ» ብለው ሸጡት። ገዢው ለኮሰው፣ ጋንጃ ሆነ። ሌሎች ደግሞ ከሲ ቢ ዲ በኬሚካል የሚያሰክር ነገር ሠሩ። እውነተኛውን ሄምፕ የሚጠቀምም ቢሆን የመሥሪያ ቤት የሽንት ምርመራ ሊጥለው ይችላል፤ ትንሿ ቲ ኤች ሲ ትጠራቀማለች።

አወያይ፦
ኪሩቤል፣ ይህን ሳትመልስ እንዳታልፍ። እስካሁን ከተባለው ሁሉ ለእኔ የከበደው እሱ ነው።

ኪሩቤል፦
እመልሳለሁ። አለካኩን ማስተካከል ነው እንጂ ተክሉን መከልከል አይደለም። ሁለቱን ደምረህ ለካ፣ አለቀ።

ጌታቸው (አስጎብኚ)፦
ለክርክሩ ሳይሆን ለእውቀት ያህል። ከጣና ምሥራቅ፣ በድሮው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ። የላሊበላ ከተማ አይደለም። እዚያ ተቆፍረው የወጡ ሁለት የሸክላ ማጨሻዎች እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጥናት ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ዘመናቸው እ.ኤ.አ. 1320 አካባቢ ነው። ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆሩ 300 ዓመት ያህል በፊት ማለት ነው። «ይህ ነገር ትናንት ከውጭ የመጣ ነው» የምትሉ እንዳትሳሳቱ።

ሃብታሙ፦
ይህን ለቱሪስት አትንገር፣ ወረፋ ይሆናል።

መምህርት ሰናይት፦
ቆይቷል ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ጌታቸው። ባሪያ መሸጥም ጥንት ነበር።

አያ ደሴ (የመተማ ሰሊጥ አምራች)፦
እኔ ልናገር፣ ልጆች። ስለ ማጨሱ አያገባኝም። ሰሊጥ አንድ ዓመት ዋጋው ይሰቀላል፣ በማግሥቱ ይወድቅና ዕዳ ውስጥ ይከተናል። ዝናቡ ከተዛባ ደግሞ እሱም የለም። ቃጫና የዘር ዘይት የሚሆን ተክል ካለ፣ ሕጉም ዓለም አቀፍ ስምምነቱም ካልከለከለው፣ ገበሬ ለምን ይቀርበታል?

ሰሎሞን (የግብርና ባለሙያ)፦
አያ ደሴ፣ አንቱ የሚሉት ልክ ነው፤ አንድ ችግር ግን አለ። የአውሮፓ የሄምፕ ዘር የለመደው የበጋው ቀን 16 ሰዓት የሚደርስበትን አገር ነው። ቀኑ ሲያጥር ያብባል። እኛ ዘንድ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ያንን ዘር እዚህ ብንዘራው ገና አጭር ሳለ ያብባል፣ ቃጫውም ረብ የለሽ ይሆናል። ለእኛ የሚስማማው ዘር ከሞቃት አገር መምጣት አለበት። እሱ ሲያብብ ደግሞ ቲ ኤች ሲው ከወሰኑ እንዳያልፍ መከታተል ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ከአጨዳ በፊት ባሉት 30 ቀናት ናሙና ይወሰዳል። ካለፈ ገበሬው ለገበያ አያወጣውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሳው ይጠፋል። ዋጋውንም አይርሱ። ሕጉ ከወጣ በኋላ ሁሉም ለሲ ቢ ዲ ዘራ፣ ገበያው ሞላ፣ ዋጋው ተንኮታኮተ፣ ብዙ ገበሬ ምርቱን የሚገዛው አጣ። ሰሊጥ ላይ ያዩት ነገር ነው።

ኪሩቤል፦
እሺ፣ እንግዲያው አበባውን ለጊዜው እንተወው። ዘርና ግንዱን ብቻ ይፍቀዱ።

ሰሎሞን (የግብርና ባለሙያ)፦
ዘር ያለ አበባ አይመጣም፣ ወንድሜ። ዘር የዘራህበት ማሳ ላይ አበባ አለ። የወንዱ ብናኝ በነፋስ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ማሳውን ማን ያጥራል፣ ማን ይጠብቃል?

ጠበቃ መላኩ፦
እና ማን ይለካል? በየማሳው ናሙና ወስዶ ከአጨዳ በፊት ውጤት የሚመልስ ላቦራቶሪ ሳይቆም ሕጉ ቢቀየር፣ የሚታሰረው ኪሩቤል አይደለም፣ አያ ደሴ ናቸው። እኔ ተቃዋሚ የሆንኩት ለዚህ ነው። ላቦራቶሪው ይቅደም፣ ከዚያ እንነጋገር።

ኪሩቤል፦
ላቦራቶሪ ማንም ለተከለከለ ተክል አይሠራም እኮ! ፈቃዱ ካልቀደመ ገንዘቡን ማን ያወጣል?

አያ ደሴ (የመተማ ሰሊጥ አምራች)፦
የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ልዩ ፈቃድ ያውጣና አጥር ውስጥ ይሞክረው። ጠበቃው «ያለ ልዩ ፈቃድ» አላለም? እንግዲያው በፈቃድ ይቻላል ማለት ነው። ስንት በመቶ እንደወጣ፣ ቃጫው ስንት ክንድ እንደሆነ ይንገሩኝ። እስከዚያ እኔ ሰሊጤን እዘራለሁ።

ጠበቃ መላኩ፦
ለምርምር ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ማመልከቻውን ማን ይጽፋል?

ኪሩቤል፦
እኔ እጽፋለሁ። ሰሎሞን የዘሩን ዓይነት ላክልኝ።